ከባሕር ዳር ወደ ሜዲካል ፊዚክስ፦ ወረቀቱና የአየር ግፊቱ ስሌት

የሜዲካል ፊዚክስ ማስተርስ ብቻውን የሆስፒታል ፊዚሲስት፣ ማለትም የሕክምና ጨረር ማሽኖችን የሚለካና የሚቆጣጠር ባለሙያ፣ አያደርግም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከድግሪው ሌላ ቢያንስ 2 ዓመት በባለሙያ ክትትል ሆስፒታል ውስጥ መሠልጠንን ይመክራል። ስለዚህ ፕሮግራም ስትመርጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ልምምዱ የት ነው? በየትኛው ማሽን? ለስንት ወር? ጣሊያን ትሪየስተ ያለው ዓለም አቀፍ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከከተማው ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሰጠው የ2 ዓመት ማስተርስ ሁለተኛውን ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ያሳልፋል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ የምንጠቁመው።

ጎበዝ ተመራቂዎች የሚዘገዩት ብዙውን ጊዜ በወረቀት ነው። ስቱደንት ኮፒ በማይበቃበት ጊዜ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ ካላለቀ ይንጓተታል። ሬጅስትራር 3 ወር ቀድማችሁ ሂዱ። እስከዚያው ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ራጅ ክፍል ለመታዘብ ጠይቁ።

ጣና ዳር ሆናችሁ ልትሠሩት የሚገባ አንድ ስሌት አለ። የማሽን ጨረር የሚለካበት አዮናይዜሽን ቻምበር (ጨረር ሲያልፍበት አየሩ ውስጥ የሚፈጠረውን አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያለውን ቅንጣት፣ የሚለካ ትንሽ ክፍል) ለአየር ክፍት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በውስጡ የሚፈጠረው አዮን ያንሳል፣ ንባቡም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ንባቡ በማረሚያ ቁጥር ይባዛል። ማረሚያው፦ (273.15 + በሴልሺየስ የተለካ ሙቀት) ለ293.15 ይካፈላል፤ ውጤቱ በ101.325 ተባዝቶ በኪሎፓስካል ለተለካው ግፊት ይካፈላል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ግፊቷ 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። በ24 ዲግሪ ማረሚያው 1.25 ይመጣል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። የስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ የሚያሳየው ወደ ባሕር ወለል የተቀየረ ግፊት ነው፤ 1,015 ሄክቶፓስካል ካለ 101.5 ኪሎፓስካል ማለት ነው። ያንን ያስገባ ሰው ማረሚያው 1.01 ይሆንበታል፤ የማሽኑ ጨረር ያነሰ ይመስለውና ከፍ ያደርገዋል። ታካሚው ከታዘዘለት 24 በመቶ ገደማ ይበልጥ ይቀበላል። በጨረር ሕክምና 5 በመቶ ስሕተት እንኳ ብዙ ነው! ግፊቱን ክፍሉ ውስጥ በተቀመጠ ባሮሜትር ብቻ ለኩ።

የሙቀቱ ስሕተት ቀለል ይላል፤ 3 ዲግሪ መሳት 1 በመቶ ያህል ያዛባል። ቢሆንም ልኬቱ የሚሠራው ቻምበሩን ውኃ ውስጥ አስገብቶ ስለሆነ ቴርሞሜትሩን የምትከቱት እዚያው ውኃ ውስጥ ነው፣ የክፍሉን አየር መለካት አይበቃም። ከበርሜል የተቀዳ ውኃም ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ጠብቁት፤ ከተቻለ ከዋዜማው ቀድታችሁ አሳድሩት።