ከኮሮና ካገገሙ በኋላ ምርመራው እንደገና «ፖዘቲቭ» ሲል የሚሠሩ ስህተቶች

ትኩሳቱ ለቋል። ሳሉ ቆሟል። ምግብም መጣፈጥ ጀምሯል። ለጉዞ ወይም ለሥራ ብለው ሲመረመሩ ግን ውጤቱ አሁንም ኮሮና አለ ይላል። ሰው የሚደናገጠው፣ የሚሳሳተውም፣ ያኔ ነው።

አንደኛው ስህተት «በቃ፣ እንደገና ያዘኝ» ብሎ መደምደም ነው። ፒሲአር የተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ነው። ቅንጣቱ ገና ከሚራባ ቫይረስ ይሁን ከተሰባበረ ቫይረስ አይለይም። ዝናቡ አባርቶ ጠፈጠፉ እንደሚቀር ሁሉ፣ ስብርባሪው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 90 ቀን ሊገኝ ይችላል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ ኮሪያ ካገገሙ በኋላ ፖዘቲቭ የሆኑ 285 ሰዎችን አጣርታ ነበር። ከ108ቱ የተወሰደው ናሙና በላቦራቶሪ እንዲራባ ቢሞከርም ከአንዱም የሚራባ ቫይረስ አልተገኘም። ከእነሱ ጋር ንክኪ ከነበራቸው 790 ሰዎችም መካከል ከእነሱ መያዙ የተረጋገጠ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ «ኔጋቲቭ» እስኪል ድረስ ፒሲአር እየደጋገሙ አፍንጫን ማሠቃየት ትርፉ ድካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከለይቶ ማቆያ ለመውጣት ሁለት ኔጋቲቭ ውጤት ያስፈልጋል የሚለውን ምክሩን በግንቦት 2020 ትቶታል። ከታመሙ በ90 ቀናት ውስጥ የግድ መመርመር ካለብዎት የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣኑ የአንቲጅን ምርመራ ይሻላል።

እሱም ቢሆን አነባበብ አለው። መስመሩ ደብዛዛ ነው ብለው አይናቁት፤ በተባለው ደቂቃ ውስጥ ከታየ ፖዘቲቭ ነው። ጠረጴዛ ላይ ረስተውት ከሰዓታት በኋላ ብቅ ያለ መስመር ግን አይቆጠርም። ስንቱ ሰው ከቆሻሻ ቅርጫት መልሶ እያወጣ ራሱን አስጨንቋል!

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ተቃራኒው ስህተት ነው፦ «አንዴ ይዞኛል፣ አይደግመኝም» ማለት። ይደግማል። በነሐሴ 2020 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ ሰው ከመጀመሪያው ሕመሙ 142 ቀናት በኋላ ዳግም መያዙ ተረጋገጠ። የሁለቱ ጊዜ ቫይረሶች ዘር የተለያየ ነበር። ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ከመጣ ወዲህማ መደጋገሙ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል።

በቀናት ውስጥ የሚያገረሽም አለ፣ በተለይ ፓክስሎቪድ የተባለውን የኮሮና መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ። የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በሐምሌ 2022 ኔጋቲቭ ሆነው ከቀናት በኋላ ተመልሰው ፖዘቲቭ ሆነዋል። ምልክቱ ከተመለሰ ወይም የአንቲጅን ምርመራው እንደገና መስመር ካወጣ «ስብርባሪ ነው» ብለው አይለፉት። ከሰው ራቅ ይበሉ፣ ማስክ ያድርጉ። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ደግሞ ቫይረሱን ረዘም ላለ ጊዜ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ፣ ቀን ከመቁጠር ይልቅ ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ትንሽ የምትመስል ስህተት ልጨምር፤ የመጀመሪያውን ውጤት መጣል። ቀኑ እንዲታይ አድርገው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሐኪሙ ቀድሞ የሚጠይቅዎት «መቼ ነበር የታመሙት?» ብሎ ነው።