ድንቹ ቤት ከመግባቱ በፊት ትሉን ማስቀረት

ጆንያው ሲፈታ የድንቹ ዓይን ላይ ጥቁር ኩስ ተከምሮ ይታያል። ቆረጥ ሲያደርጉት ውስጡ በትል ተቦርቡሯል። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ድንች ያከማቸ ሰው ይህን ያውቀዋል። ብዙዎች ትሉ እዚያው ቤት ውስጥ የተፈጠረ ይመስላቸዋል። አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ አብሮን የሚገባው ከማሳ ነው።

የምታመጣው ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ናት። ሲመሽ ትወጣና እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ፣ ያልተሸፈነ ድንች ካገኘች ደግሞ ዓይኑ ላይ ትጥላለች። ትሉ እንደተፈለፈለ ሰርስሮ ይገባል። አንዴ ከገባ ከላይ የምትነሰንሱት ነገር አይደርስበትም።

ስለዚህ ገና በማሳው እያለ አፈር በደንብ አስታቅፉት፤ መሬቱ ከተሰነጠቀ እራቷም ትሉም በዚያ በኩል ድንቹ ጋ ይደርሳሉ። ለመቆፈር ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀር ግንዱን አጭዳችሁ ከማሳው አርቁት፣ ልጣጩም ይጠነክርላችኋል። የቆፈራችሁትን በዚያው ቀን አስገቡ። እኛ አንድ ዓመት ማጓጓዣ አጥተን ክምሩን ከውርጭ ያድነዋል ብለን በራሱ በድንቹ ቅጠል ሸፍነን ሁለት ሌሊት አሳደርነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ትሉ ወደ ድንቹ ወረደ፤ ብዙውን ጣልነው፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መሸፈን ግድ ከሆነ በሸራ ወይም በደረቅ ገለባ ይሁን።

ከማስገባታችሁ በፊት አንድ በአንድ ምረጡ። የተበሳውን ቤት አታስገቡ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። የአምናውን ጆንያ በፈላ ውሃ ንከሩ፣ የግድግዳውንም ስንጥቅ ምረጉ፤ ትሉ ድር አድርቶ የሚሸሸገው እዚያ ነው።

የዘር ድንች ብርሃን በሚገባበት፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቆጥ ላይ በሁለትና በሦስት ድርብ ብቻ ይዘርጋ፣ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይምታው። አረንጓዴ ይሆናል፤ ለዘር ጥሩ ነው፣ ለምግብ ግን መርዛማ ስለሆነ ማንም እንዳይበላው። መስኮቱን ጥቅጥቅ ባለ መረብ ሸፍኑ። የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል፣ ቆላው አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የወፍ ቆሎ ቅጠል፣ ደቆስ አድርጋችሁ በድርቡ መሃል ብትበትኑት እራቷን ያርቃል። ሲጎነቁል ክሽክሽን (ቡቃያውን የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ተከታተሉ፣ ቫይረስ ከድንች ወደ ድንች ያዛምታል።

የሚበላውን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። ፀረ ተባይ ኬሚካል በፍጹም አትንኩበት፣ ልጆቻችን የሚበሉት ነው።

ብርዱ ያግዘናል። ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የእራቷ እድገት ሊቆም ይደርሳል፤ ሞቅ ባለ ቦታ ግን በአንድ ወር ገደማ አዲስ ትውልድ ታወጣለች። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያላችሁ እንግዲህ ብዙ አታቆዩት፣ ቶሎ ሽጡት። ደጋ ያለነውም በሳምንት አንዴ እየገለጥን እንይ፤ አንዱ ላይ ኩስ ካየን እሱን አውጥተን አጠገቡ ያሉትንም ዓይን ዓይናቸውን እንመርምር።