የጽጌረዳ ቅጠልን በቅዝቃዜ አድርቆ ለሰርግ ብተና ማዘጋጀት እንዴት ይቻላል?

ትኩስ የጽጌረዳ ቅጠል በሙሽሮች ላይ ሲበተን የሚያምረው አየር ላይ እያለ ነው። መሬት ከነካ በኋላ ይረገጣል፣ ውሃው ይወጣል፣ የቬሎው ጠርዝ ሲጎተትበት ቀይ ጭረት ይዞ ይነሳል። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ ታኮ ጫማ ያደረገ ሁሉ በሥጋት ነው የሚራመደው። የፕላስቲኩ ኮንፈቲ ቬሎ አያበላሽም። ግን የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ድንኳኑ ከተነቀለ ከሳምንት በኋላም በየአጥሩ ሥርና በየቱቦው ያብረቀርቃል፣ ፍየሎችም ይለቅሙታል።

እኔ በአዳማ የሰርግ ዲኮር እሠራለሁ። ቀለሙንና ቅርጹን እንደያዘ የደረቀ ቅጠል ከሁለቱም ችግር ያወጣል። ቀላል ነው፣ ሲበተን እየተንሳፈፈ ይወርዳል፣ መሬት ላይ ቢቀርም አፈር ይሆናል። እዚህ ላይ "ቅጠል" የምለው አረንጓዴውን ሳይሆን ባለ ቀለሙን፣ በሥራ ላይ "ፔታል" የምንለውን ነው።

ለምን በቅዝቃዜ?

ጽጌረዳን ጥላ ሥር አስጥቶ ማድረቅ ይቻላል፤ በበጋው ደረቅ አየር ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ነገር ግን ከቅጠሉ ክብደት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ያ ውሃ ፈሳሽ ሆኖ ቀስ በቀስ ሲወጣ የቅጠሉን ሥጋ ወደ ውስጥ እየሳበ ያጨማድደዋል፣ ቀይ የነበረውም ወደ ጥቁር ይጠጋል።

በቅዝቃዜ ሲደርቅ ግን ውሃው መጀመሪያ በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ደግሞ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣል። የሚጎትት ፈሳሽ ስለሌለ ቅጠሉ እንደተዘረጋ ይቀራል። ልጅ ያስከተበ ሰው የዚህን ሥራ ውጤት በዓይኑ አይቷል። የኩፍኝ ክትባት በብልቃጥ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ይመጣና ጤና ባለሙያዋ በፈሳሽ በጥብጣ የምትወጋው በዚሁ መንገድ ስለደረቀ ነው። ቤታችንም ውስጥ ሳናስበው ይሆናል፤ ሳይሸፈን ፍሪዘር ውስጥ የከረመ ሥጋ ጠርዙ ነጥቶ እንደ ቡሽ ሲደርቅ በረዶው ሳይቀልጥ ተንኖበት ነው።

አበባውን መምረጥ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ከሥራው ግማሹ እዚህ ያልቃል። በሞጆ በኩል ወደ ባቱ ሲኬድ ያሉት እርሻዎች የሚያለሙት በአብዛኛው ጽጌረዳ ስለሆነ እኛ አካባቢ አበባ አይታጣም። ወሳኙ ጊዜ ነው። ፌብሩዋሪ 14፣ በእኛ የካቲት 7 ገደማ፣ የፍቅረኞች ቀን ስለሚውል ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ውጭ አገር ጽጌረዳ በብዛት ይፈልጋል። የጥር ሰርግ ካላችሁ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መጀመሪያ ጀምሩ።

ግማሽ የተከፈተ አበባ ውሰዱ። ሙሉ በሙሉ የፈካው ሲደርቅ ይረግፋል። ሮዝ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ ቀለማቸውን በደንብ ይይዛሉ። ቀይ ይጠቁራል፣ ነጭ ወደ ክሬም ይሄዳል፤ ሙሽራዋ ንጹህ ነጭ ከፈለገች አስቀድማችሁ ንገሯት።

አበባውን አትጠቡት። አንገቱን በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው ጭንቅላቱን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ቅጠሎቹ ሳይቀደዱ ይለቃሉ። የላይኞቹን ሁለት ሦስት ሻካራ ቅጠሎች ጣሉ። ጥፍር የነካው ወይም የታጠፈ ቦታ ካለ ያንንም ጣሉ፤ አሁን በጭንቅ የሚታየው መስመር ሲደርቅ ቡናማ ጠባሳ ሆኖ ይወጣል።

ለመጠን እኔ የምሠራበት ስሌት ይኼ ነው፤ አንድ ጽጌረዳ 30 ያህል ቅጠል ይሰጣል፣ አንድ እፍኝ ደግሞ 20 ቅጠል ይይዛል። ለ100 ሰው ወደ 67 አበባ ይሆናል። የሚሰበርና የሚጣል ስላለ 80 ግዙ።

ማቀዝቀዝ

ባዶውን የብረት ትሪ ለአንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፤ ፍሪዘሩንም የመጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ አድርጉት። ከዚያ ቅጠሎቹን ሳይደራረቡ በአንድ ረድፍ ዘርጉበትና ለ24 ሰዓት ተዉአቸው። ቅጠል ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራና ሥጋውን ይበሳሳዋል። ቶሎ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሚሆን ጉዳቱ ያንሳል። ትሪውን ቀድሞ ማቀዝቀዝ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

በማሽን ማድረቅ

ማሽኑን የሚያገኝ ሰው ጥቂት ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ማሽኑ አየሩን በፓምፕ እየሳበ ግፊቱን ከ1 ሚሊባር በታች ያወርዳል። በባሕር ጠለል ያለው የአየር ግፊት 1,013 ሚሊባር ነው፤ ከ6 ሚሊባር በታች ደግሞ ውሃ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት ስለማይችል በረዶው ወደ ተን ከመሄድ ሌላ መንገድ የለውም። ተኑን በጣም የቀዘቀዘ ክፍል ይይዘዋል፣ መደርደሪያው ደግሞ ቀስ እያለ ይሞቃል። ሙሉ አበባ ከሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የተበተነ ቅጠል ግን አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። መደርደሪያው የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ በሩን አትክፈቱ፤ የቀዘቀዘ ቅጠል ከአየሩ እርጥበት ይስባል።

በቤት ፍሪዘር ማድረቅ

ማሽን ከሌለ የሚያስፈልገው ሲሊካ ጄልና ትዕግሥት ነው። ሲሊካ ጄል ከአዲስ ጫማ ጋር በትንሽ ከረጢት የሚመጣው ፍሬ ነው። ለዚህ ሥራ ግን በኪሎ የሚሸጠው ያስፈልጋል። ሩዝ ይተካዋል የሚሉ አሉ፤ እርጥበት የመሳብ አቅሙ ደካማ ስለሆነ አልመክረውም። በ100 ግራም ትኩስ ቅጠል ውስጥ 80 ግራም ያህል ውሃ ስላለ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ሲሊካ አዘጋጁ።

ሲሊካውን በደንብ በሚገጠም ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ታች አፍስሱና ዕቃውን ከነሲሊካው ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙት። ከበላዩ ወንፊት ወይም የተወጠረ ቱል አድርጉ፤ ቅጠሉ ሲሊካውን መንካት የለበትም። የቀዘቀዙትን ቅጠሎች በማንኪያ እያነሳችሁ ቱሉ ላይ ደርድሩ። የጣታችሁ ሙቀት ያቀልጣቸዋልና በእጅ አትንኳቸው። ክዳኑን ግጠሙና ወደ ፍሪዘሩ መልሱ።

በየአምስት ቀኑ ሲሊካውን በደረቀና በቀዘቀዘ ሲሊካ ቀይሩ። ያወጣችሁትን 120 ዲግሪ ባለው ኦቨን ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ብታቆዩት እንደገና ይሠራል። ሁሉም ነገር ደህና ከሄደ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይደርቃል።

ትልቁ ጠላት የመብራት መጥፋት ነው። ለታናሽ እህቴ ሰርግ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው ዙር በዘጠነኛው ቀን ሌሊት መብራት ሄዶ አደረ። ጠዋት ዕቃውን ስከፍት ቅጠሉ ቱሉ ላይ ተጣብቆ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ተፈልቶ የተጣለ ሻይ ቅጠል መስሎ ጠበቀኝ። አንዴ የቀለጠ ቅጠል መልሶ ቢቀዘቅዝ አይድንም። ከዚያ ወዲህ ፍሪዘሩን በውሃ በተሞሉ ሃይላንዶች አጭቄ ነው የምጀምረው፤ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዙታል። አንድ ስኒ ውሃ አቀዝቅዤም ከላዩ የአንድ ብር ሳንቲም አኖራለሁ። ሳንቲሙ በረዶው ውስጥ ሰምጦ ካገኘሁት እኔ በሌለሁበት ቀልጦ ነበር ማለት ነው።

መድረቁን ማወቅ

ዕቃውን ከነክዳኑ አውጥታችሁ ግማሽ ቀን ጠረጴዛ ላይ አቆዩት፤ እስከዚያ እንዳትከፍቱት። ከዚያ ትኩስ ሳሉ የመዘናችኋቸውን ጥቂት ቅጠሎች በስሱ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ እንደገና መዝኑ። ከ100 ግራም ትኩስ የሚቀረው 20 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሚዛን ከሌለ ከሁሉም ወፍራሙን ቅጠል ምረጡና ግርጌውን፣ ከአበባው ጋር የተያያዘበትን ጫፍ፣ በሁለት ጣት ስበሩት። የደረቀው እንደ ስስ ድርቆሽ ቀጭ ይላል። ከታጠፈ ውስጡ ገና ውሃ አለና አዲስ ሲሊካ አድርጋችሁ ጨምሩለት።

ሁለተኛው ዙር ሲወጣ በርበሬ በማስጣት ሰፈሩ የሚያውቃቸው ጎረቤታችን እትዬ አንዷን ቅጠል መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። የደም ሥሯ እንኳ አልጠፋም ነበር። "ልጄ፣ ይኼ ዛሬ የተቆረጠ አይደለም እንዴ?" አሉኝ። ጨበጥ ሲያደርጉት ጊዜ ተንኮሻኮሸና ደነገጡ። ከዚያ ሰርጉ እስኪደርስ በየቀኑ እየመጡ ማሰሮዬን ያዩልኝ ነበር።

ማስቀመጥና መበተን

የደረቀ ቅጠል እርጥበት ለመሳብ ሰዓታት ይበቁታል። አየር በማያስገባ የብርጭቆ ማሰሮ ወይም ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከትንሽ ሲሊካ ከረጢት ጋር፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ብርሃን ቀለሙን ያነጣዋል። አታጭቁት፤ ከታች ያለው ይደቅቃል። ሐዋሳ ላላችሁ፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ፎቶ ለምትነሱ፣ ማሰሮውን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አትክፈቱት።

እርሻ ላይ የሚለማ ጽጌረዳ መድኃኒት የሚረጭበት ነው። በኬክ ላይ አትነስንሱት፣ በመጠጥም አትጨምሩት፤ የሚበትኑት ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት ጠብቁ፣ ሲጨርሱም እጃቸውን አስታጥቧቸው። ቤተ ክርስቲያን ወይም አዳራሽ ከሆነ ግቢው ውስጥ መበተን መፈቀዱን ከቀኑ በፊት ጠይቁ።

በዕለቱ ቅጠሉን በወረቀት ቀንድ ወይም በትንንሽ ሙዳይ አድርጋችሁ ሙሽሮቹ ከመውጣታቸው አሥር ደቂቃ በፊት አድሉ። ብዙ ሰዓት እጅ ውስጥ ከቆየ በላብ ይለሰልሳል። በትኑ የተባሉት ሰዎች ነፋሱን በጀርባቸው አድርገው ይቁሙ፤ ፊት ለፊት ከሆነ እፍኙ ሁሉ ተመልሶ በራሳቸው ላይ ይመጣል። ወደ ሙሽሮቹ ፊት አይወርውሩ፤ ከራሳቸው ከፍ አድርገው ወደ ላይ ይልቀቁት። ፎቶ አንሺው እጁን ሲያነሳ ግማሹ ሰው ይበትን፣ ሁለት እርምጃ ከተራመዱ በኋላ ደግሞ የቀረው።