የድሮ ዴስክቶፕ ሲግል፦ ፋን ከመጨመራችሁ በፊት ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክሶችና ኤችፒዎች በየቢሮው፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሞልተዋል። ብዙዎቹ 10 ዓመት አልፏቸዋል። ኤስኤስዲና ትንሽ ራም ከተጨመረላቸው ግን አሁንም ቆንጆ አድርገው ይሠራሉ። የሚያስቸግሩት ሙቀት ላይ ነው። ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ሥራ መሃል ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ያኔ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር “ፋን ጨምርበት” የሚል ነው። እኔ ግን ፋን መጨመር የመጨረሻው እርምጃ ነው ባይ ነኝ። የድሮ ኬዝ (የማሽኑ ሳጥን) ብዙውን ጊዜ የሚግለው ፋን አንሶት ሳይሆን አየሩ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ተዘግቶ ነው።

ሳይለኩ መጀመር

ኬዙን በእጅ ዳስሶ “ግሏል” ማለት መለካት አይደለም። ኤችደብሊው ሞኒተር ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች የፕሮሰሰሩን ሙቀት በቁጥር ያሳያሉ። መጀመሪያ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሳለ እዩት። ከዚያ ከበድ ያለ ሥራ ስጡትና 20 ደቂቃ ያህል ተከታተሉት።

ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው የሙቀቱ አወጣጥ ነው። ሥራው በተጀመረ በሰከንዶች ውስጥ ወደ 95 ዲግሪ ከተወነጨፈ ችግሩ ፕሮሰሰሩና ሂትሲንኩ (ሙቀቱን የሚቀበለው ባለ ክንፍ ብረት) የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። በመካከላቸው የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቋል ወይም ሂትሲንኩ ላልቷል። እዚህ ላይ የኬዝ ፋን ብትደረድሩ ለውጥ አታዩም። ቀስ እያለ በ15 እና 20 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ግን ኬዙ ውስጥ የታፈነ አየር አለ ማለት ነው። አብዛኞቹ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በከባድ ሥራ ላይ 75 ወይም 80 ማሳየት ለድሮ ማሽን የሚያስደነግጥ አይደለም።

የክፍሉንም ሙቀት መዝግቡ። ክፍሉ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በ1 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ስለዚህ ጠዋት የለካችሁትን ከቀትር በኋላ ከለካችሁት ጋር አታነጻጽሩ። ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያጓጉዘው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ አንድ ሰው ከዱባይ ወይም ከለንደን “የኔ ማሽን 60 ነው” ቢላችሁ አትበሳጩ።

ጎኑን ከፍቶ መተው

ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ለምርመራ ከሆነ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጎኑ ሲከፈት ሙቀቱ በጉልህ ከወረደ ኬዙ አየር እያጠረው እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዚያው መቀጠል ግን ሌላ ነው። አቧራው በብዛት ይገባል። ፋኖቹ ከፊት ስበው በሃርድ ዲስኩና በማዘርቦርዱ ላይ ያሳልፉት የነበረው አየርም በተከፈተው በኩል ይበተናል።

ትንንሾቹ የዴልና የኤችፒ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ብዙዎቹ ውስጥ ከፋኑ ወደ ሂትሲንኩ አየር የሚመራ የፕላስቲክ መሸፈኛ አለ። ለጥገና የከፈተው ሰው “ትርፍ ፕላስቲክ ነው” ብሎ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ይዘጋል። ያ ፕላስቲክ ከሌለ ፋኑ የሚገፋው አየር ሂትሲንኩን ሳይነካ ያልፋል። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ክፈቱና መኖሩን እዩ። ከጠፋ ከወፍራም ካርቶን ቆርጦ መሥራት ይቻላል፤ ብቻ ፋኑ ላይ እንዳይገባ በደንብ እሰሩት።

የፔንቲየም 4 ዘመን ኬዞች ጎን ላይም እንደ ጭስ ማውጫ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ታገኛላችሁ። ኢንቴል በዚያን ጊዜ ወደ ፕሮሰሰሩ ፋን የሚገባው አየር ከ38 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይፈልግ ስለነበር የመጣ ነው። አትንቀሉት።

ፋኑ በየት በኩል እንደሚነፍስ ሳያዩ መግጠም

አየር ከፊት በታች ይገባል፣ ከኋላ በላይ ይወጣል። ይኸው ነው። ሁሉም ፋን ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነ፣ ወይም ከኋላ ያለው ወደ ውስጥ የሚስብ ከሆነ፣ እርስ በርስ ይጣላሉ። አብዛኞቹ ፋኖች አየር የሚያወጡት መሃሉን የደገፉት የፕላስቲክ እግሮች ባሉበት ጎን ነው። ካልተማመናችሁ ሶፍት ቀዳችሁ አስጠጉት። ከተለጠፈ እየሳበ ነው፣ ከተውለበለበ እየገፋ ነው።

የድሮ ኬዝ ላይ ፓወር ሳፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። የሱ ፋን የኬዙን ሙቅ አየር ስቦ ያወጣል። ከኋላም አንድ ፋን ካለ ሁለት መውጫ አላችሁ ማለት ነው። የሚጎድለው መግቢያው ነው። እዚህ ላይ ሦስተኛ መውጫ ከማከል ከፊት አንድ መግቢያ ፋን ማድረግ ይሻላል። ኬዙ 80 ወይም 92 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብቻ ካለው እሱን ተጠቀሙ። 120 ሚሊሜትሩ ባነሰ ድምፅ ብዙ አየር ያንቀሳቅሳል፤ ለሱ ተብሎ ብረት መብሳት ግን ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም።

ፋኑን ከመግዛታችሁ በፊት ግን የፊቱን ፕላስቲክ ነቅላችሁ እዩ። ብዙ ኬዞች ከፊት ድፍን ናቸው፤ አየር የሚገባው ከታች ባለች ቀጭን ክፍተት ነው፣ እሷም በአቧራ ተደፍናለች። ከኋላዋ ደግሞ ባዶ የሃርድ ዲስክ መደርደሪያ፣ የተጠቀለለ ኬብልና ማንም የማይጠቀምበት የፍሎፒ ድራይቭ ተኮልኩሏል። መደርደሪያው በብሎን የታሰረ ከሆነ አውጡት። ሰፋፊዎቹን የአይዲኢ ኬብሎች (የድሮ ሃርድ ዲስክና ሲዲ ድራይቭ ጠፍጣፋ ኬብሎች) በጠርዛቸው አዙራችሁ ጎን ላይ እሰሩ። ይሄ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ፋን የተሻለ ለውጥ የሚያመጣውም እሱ ነው። በአንጻሩ ከኋላ ያሉትን የካርድ መሸፈኛ ብረቶች “አየር ይግባ” ብላችሁ አትንቀሉ። የኋላው ፋን በአቋራጭ ከዚያው ከጎኑ ይስብና ፊቱን ይረሳዋል።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስነፋት

ኮምፕሬሰሩ ኃይለኛ ነው፣ አቧራውም ባንዴ ይወጣል። ችግሩ ታንኩ ውስጥ ውሃና ዘይት መጠራቀሙ ነው። ያ እርጥበት ከአቧራው ጋር ማዘርቦርዱ ላይ ይረጫል። ፋኑም በንፋሱ ከሚችለው በላይ ይሽከረከርና መሃሉ ይበላሻል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ብሎወርና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ። ገመዱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን አንዴ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ፣ ፋኑን በጣት ያዙና ንፉ። የቤት ምንጣፍ መጥረጊያ ቫኪዩም አልመክርም፤ የሚፈጥረው ስታቲክ ቺፕ ሊጎዳ ይችላል።

አቧራው በሂትሲንኩና በፋኑ መካከል እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ከሆነ ከላይ መንፋት አይበቃም። ፋኑን ከሂትሲንኩ ለይታችሁ አጽዱ።

ፔስቱን መርሳት ወይም ማትረፍረፍ

ከዓመታት በኋላ ፔስቱ ደርቆ እንደ ኖራ ይሆናል። በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ አጥፉት፣ መሃል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ አድርጉ፣ ሂትሲንኩን ተጭናችሁ እሰሩ። ራሱ ይሰፋል። በጥርስ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ለጥቂት ጊዜ ያበርዳል፤ ውሃው ሲደርቅ ከበፊቱ ይብሳል።

ድሮ የተሠሩ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የደረቀው ፔስት ስለሚያጣብቅ ሂትሲንኩን ቀጥ አድርጋችሁ ስትጎትቱ ፕሮሰሰሩን ከነፒኖቹ ከሶኬቱ መንግላችሁ ታወጡታላችሁ። ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ከዚያ ሂትሲንኩን ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ አዙራችሁ አላቅቁ።

ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር የሚመጣው ኩለር (ሂትሲንኩና ፋኑ አንድ ላይ) ደግሞ 4 የፕላስቲክ መቆለፊያ አለው። አንዱ ካልገባ ኩለሩ በአንድ በኩል ይነሳል፣ ሙቀቱም በሰከንዶች ውስጥ ይወጣል። በሰያፍ ሁለት ሁለቱን ተጫኑ፣ “ቀጭ” ሲል ስሙ። ከማዘርቦርዱ ጀርባ አራቱም ጫፎች መውጣታቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ። በብሎን የሚታሰር ከሆነም አንዱን እስከ መጨረሻ አታጥብቁ፤ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት በካቻቢቴ አዙሩ።

ፋኑን ባገኙት ቦታ መሰካት

ከማዘርቦርድ የፋን መሰኪያዎች ብዙዎቹ የሚችሉት 1 አምፔር ገደማ ነው። አንድ መሰኪያ ላይ ሦስት አራት ፋን አታንጠልጥሉ፤ በሞሌክስ አስማሚ (በፓወር ሳፕላዩ ኬብል ላይ የሚሰካ ማገናኛ) ኃይሉን ከፓወር ሳፕላይ ውሰዱ። ብዙ ኦፕቲፕሌክሶች ደግሞ የተለመደው 4 ፒን ሳይሆን የራሳቸው 5 ፒን መሰኪያ አላቸው። እዚያ ላይ ሌላ ፋን ለመሰካት የፒኖቹን አቀማመጥ የሚያስተካክል አስማሚ ያስፈልጋል። ዋናውን ፋን ነቅላችሁ ከተዋችሁት ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር የፋን ስህተት እያለ ያቆማችኋል።

ዳንቴል ማልበስና ሳጥን ውስጥ መክተት

ዳንቴሉ ያምራል፤ ግን ማሽኑ ሲሠራ ይነሳ። የኮምፒውተር ጠረጴዛ በር ያለው ሳጥን ካለው በሩን ክፈቱ፣ ጀርባውም ከግድግዳ 10 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ። ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት።

ፓወር ሳፕላይን መፍታት

ከውጭ ንፉት እንጂ አትክፈቱት። ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ፋኑ መዞር ካቆመ ሙሉ ፓወር ሳፕላዩን ቀይሩ። ስትቀይሩም የዴልና የኤችፒ አንዳንድ ሞዴሎች መሰኪያቸውም ቅርጻቸውም ከተለመደው ስለሚለይ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።