ግራፊንና ናኖቱዩብ ከደም ጋር ስትሞክሩ አትሸወዱ፣ እኔ ተሸውጃለሁ

ግራፊን አንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው፣ ናኖቱዩብ ያው ንጣፍ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ፣ ግራፊን ኦክሳይድ ደግሞ ኦክስጅን የያዘው ግራፊን። ማስተርሴን ስሰራ ሁለት ሳምንት ሙሉ "ግራፊን ኦክሳይዱ ቀይ የደም ሴልን ምንም አይነካም" የሚል ቆንጆ ግራፍ ይዤ ስዞር ነበር። አድቫይዘሬ ግራፉን ሳያየው "ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ አይተሃቸዋል?" አለኝ፣ አላየኋቸውም ነበር፣ ሄጄ ሳያቸው ብዙዎቹ የሉም። ያኔ ነው የገባኝ፣ ይሄ ጥቁር ነገር ሴሉን ከመጉዳቱ በፊት መሳሪያውን ነው የሚሸውደው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ማቴሪያሉ ቀይ ሴልን ያፈነዳ እንደሆነ የሚያየው ቴስት (ሄሞሊሲስ) ሲሰራ ቀይ ሴሎችን አጥበን ከማቴሪያሉ ጋር 37 ዲግሪ ላይ እናቆያለን፣ ከዛ ሴንትሪፊውጅ እናደርጋለን፣ ያልፈነዳው ሴል ከታች ይዘቅጣል፣ ከፈነዳው የወጣው ሄሞግሎቢን (የሴሉ ቀይ ፕሮቲን) ደግሞ ከላይ ፈሳሹን ያቀላዋል፣ ቅላቱን 540 ናኖሜትር አካባቢ እናነባለን። ቀላል ነው። ችግሩ ግን አንድ ግራም ግራፊን በስሌት እስከ 2630 ካሬ ሜትር ገጽ አለው፣ ፕሮቲን ደግሞ እዛ ገጽ ላይ መለጠፍ ይወዳል፣ ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ ካርቦኑ ላይ ተጣብቆ አብሮት ይዘቅጥና ከላይ ያለው ፈሳሽ ኩልል ብሎ ይቀራል፣ እናንተም ዜሮ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። የተገላቢጦሹም አለ፣ በደንብ ያልዘቀጠ ካርቦን ከላይ ቀርቶ ራሱ ብርሃን ይውጣል፣ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይሰቀላል። ሁለቱ ስህተት ተጣፍተው "ኖርማል" የሚመስል ቁጥር ሲሰጧችሁማ በቃ ማንም አይነቃባችሁም። መፍትሄው ሁለት ተጨማሪ ቲዩብ ነው፣ አንዱ ላይ ማቴሪያሉን ያለ ደም፣ ሌላው ላይ ማቴሪያሉን ልኩ ከታወቀ ሄሞግሎቢን ጋር። ሁለተኛው ላይ ሄሞግሎቢኑ ከቀነሰ የመጀመሪያ ቁጥራችሁን አትመኑት።

ውሃውን የሚረሱም አሉ። ግራፊን ኦክሳይድ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ በጣም ያምራል፣ ስለዚህ ሰው ስቶኩን (በኋላ የሚቀጥነውን ወፍራም ድብልቅ) በሱ ይሰራና ቀጥታ ሴሉ ላይ ያፈሰዋል። ቀይ ሴል ግን ጨው የሌለው ውሃ ካገኘ ጠጥቶ ጠጥቶ አብጦ ይፈነዳል፣ ግራፊን ኖረም አልኖረም፣ እንደውም ብዙ ላቦራቶሪ 100 ፐርሰንት ፍንዳታ ለማሳየት ይሄንኑ ውሃ ነው የሚጠቀመው። ጥሩ፣ እንግዲህ 0.9 ፐርሰንት ጨው ውስጥ ላድርገው ትላላችሁ፣ አሁን ደግሞ ጨው ሲያገኝ ይጓጉላል። ናኖ ያላችሁት ነገር ጓል ሆነ ማለት ነው። በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በወጣ ጥናት ትንንሾቹ የግራፊን ኦክሳይድ ቁርጥራጮች ብዙ ሴል ሲያፈነዱ የተጓጎለው ግራፊን ግን በጣም ትንሽ ነበር ያፈነዳው። ስለዚህ "ሴፍ ነው" ያላችሁት ስለተጓጎለ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ያ ጓል ደግሞ ደም ስር ውስጥ ሲገባ ሌላ ጣጣ ነው፣ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር የሚሆነው ቀይ ሴል ራሱ እኮ በቀጫጭኖቹ ካፒላሪዎች ውስጥ ተጣጥፎ ነው የሚያልፈው። ስቶኩን በትንሽ መጠን ጨምሩ፣ ያንኑ ያህል ባዶ ውሃ የገባበት ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) አድርጉ፣ የቅንጣቶቹን ትልቅነት ደግሞ ውሃ ውስጥ ሳይሆን ሴሉ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ለኩት።

ናኖቱዩብ ላይ ደግሞ ሳሙናው አለ። ብዙ ጊዜ ያለ ሳሙና ነገር ውሃ ውስጥ አይበተንም፣ ሳሙና ደግሞ የሴል ሽፋን ያቀልጣል፣ ሽፋኑ ቅባት ነዋ። ሴል ላይ ኦሞ ደፍታችሁ ናኖቱዩቡን አትክሰሱ። ሳሙናውን ብቻውን ሞክሩት፣ በቃ።

"በታጠበ ሴል ልስራ ወይስ በሙሉ ደም?" የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ስህተቱ አንዱን ብቻ መምረጡ ነው። የታጠበው ሴል የማቴሪያሉ እርቃን ገጽ ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ካለ ግን አልቡሚንና ፋይብሪኖጅን የሚባሉት ፕሮቲኖች ወዲያው ይለብሱታል፣ ሴሉ የሚያገኘው ካርቦኑን ሳይሆን ልብሱን ነው፣ ብዙ ጊዜም ፍንዳታው ይቀንሳል። ሁለቱንም ሰርታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

አሁን እኔን በጣም የሚያናድደኝ። ፍንዳታው ከ2 ፐርሰንት በታች ሲሆን በተለመደው መመዘኛ "አያፈነዳም" ይባላል፣ ከ2 እስከ 5 ትንሽ፣ ከ5 በላይ ያፈነዳል። ሰው 1.4 አግኝቶ "ለደም ተስማሚ ነው" ብሎ ይጽፋል። ደም ቀይ ሴል ብቻ ነው እንዴ? በ2005 የወጣ ስራ ላይ ናኖቱዩቦች ፕላትሌትን (ደም የሚያረጉትን ትንንሽ ሴሎች) አጣብቀው የአይጥ የአንገት ደም ስር ውስጥ መርጋትን አፋጥነዋል፣ እዛው የተሞከረው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፉለሪን (እንደ ኳስ የሆነ ካርቦን) ግን ምንም አላደረገም፣ ሁለቱም ካርቦን ናቸው። ህንድ ያሉት የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም በ2011 ግራፊን ኦክሳይድ ፕላትሌትን እንደሚያነቃና አይጥ ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም እንደሚያመጣ አሳዩ፣ በ2012 ደግሞ ገጹን በአሚን (ናይትሮጅን ባለው የኬሚካል ቡድን) ሲቀይሩት ያ ችግር ጠፋ፣ ቀይ ሴሉንም አላፈነዳም። ስለዚህ "ካርቦን ሰው ሰራሽ የልብ ቫልቭ ላይ ከስድሳዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፣ ምን ችግር አለው" የሚለኝ ሰው እውነቱን ነው፣ ግን ያ ለስላሳ ጠጣር ሽፋን ነው፣ ደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ቅጠል አይደለም። ኮምፕሊመንት የሚባለውን የመከላከያ ስርዓትም ናኖቱዩብ ይቀሰቅሰዋል።

እዚ ጋር ቲዩብ ምርጫም አለ፣ ብዙ ሰው አያስብበትም። ሐምራዊ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ ቲዩብ (ኢዲቲኤ ደም እንዳይረጋ የሚጨመር ኬሚካል ነው) ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዛል፣ ያለ ካልሲየም ደግሞ ደም አይረጋም፣ ያለ ሁለቱ ኮምፕሊመንትም አይነቃም፣ እና እዛ ደም ላይ "ኮምፕሊመንት አልተነካም" ማለት አፉን የታሰረ ውሻ አልነከሰኝም እንደማለት ነው። ለፕላትሌት ሰማያዊውን የሲትሬት ቲዩብ ተጠቀሙ።

ነጭ ሴል ላይ ኤምቲቲ (በህይወት ያለ ሴል ቀለም የሚያወጣበት ቴስት) የምትሰሩ ደግሞ ቀለሙ ናኖቱዩብ ላይ እንደሚጣበቅ በ2006 ታይቷል፣ የሞተ ያልሞተው ይምታታባችኋል፣ በሌላ ዘዴ አረጋግጡ። የተገዛ ናኖቱዩብ ውስጥ ከአመራረቱ የቀረ ብረትና ኒኬልም አስለኩ፣ እና ኦቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛ) ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ኢንዶቶክሲኑን (ከባክቴሪያው የሚቀረውን መርዝ) አያጠፋም።

ደሙስ? ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ደም ራሱ መፈንዳት ይጀምራል። ጠዋት ከሴሉ ጋር ሳላይኑ (ጨው ውሃው) ብቻ ያለበት ኮንትሮል ቲዩብ ሮዝ ብሎ ካገኛችሁት የዛን ቀን ስራ ሰርዙት፣ አዲስ ደም ፈልጉ፣ ከአንድ ሰው ብቻም አይሁን። እኔ አንዴ "ትንሽ ነው" ብዬ ቀጥዬ 96 ጉድጓድ ያለው ፕሌት ሙሉ ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ።