ወንድማችሁ ኬሞ ሲጀምር፦ ጸበሉም መድኃኒቱም በየቦታቸው

ታናሽ ወንድሜ በ22 ዓመቱ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር እንዳለበት ሲነገረን መጀመሪያ ከእናቴ አፍ የወጣው «ጸበሉ ይቅደም» የሚል ነው። ሐኪሙ ደግሞ ሕክምናው ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም አለን። እናንተም ቤት ይሄ ክርክር ከተነሳ እናታችሁን አትሟገቷት፣ አትረቷትም። የንስሐ አባታችሁን ጥሩ።

የእኛዎቹ አባ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ገልጠው አነበቡላት። ሐኪሙን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒቱንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው ይላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የመጣ ጊዜም ይኸው ጭቅጭቅ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ከዚያ በኋላ እናቴ ዝም አለች።

ግን ጸበሉም በዘዴ ነው። ኬሞ፣ ማለትም የካንሰሩ መድኃኒት፣ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ያወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ከተወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሰውነት በጣም ይጋለጣል። በነዚያ ቀናት ሰው የሚጋፋበት ጸበል ቦታ መሄድም ሆነ ያልፈላ ውሃ መጠጣት ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም። እኛ ቄሱ ቤት መጥተው ረጨት ያደርጉት ነበር፣ ቀንዲልም፣ ማለት ለሕሙማን በዘይት የሚደረገው ጸሎት፣ ቤት ተደርጎለታል።

የጾሙን ነገር ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከአባ ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ እንቁላሉም ወተቱም ያስፈልገዋል። አባ የመብላቱን ፈቃድ ለእናቱ ሳይሆን ለራሱ፣ በጆሮው ይንገሩት። የእኔ ወንድም በእናቴ በኩል ሲሰማ «አንቺ ነሽ ያስፈቀድሽው» ብሎ ሁለት ቀን ሽሮ ብቻ በላ።

ቴርሞሜትር ግዙና ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ አስቀምጡ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ይሁን ቀን ወደ ሆስፒታል ነው፤ ፓራሲታሞል ሰጥቶ «ጸሎት አድርሰን ጠዋት እናያለን» የለም። ታክሲ ውስጥም ይጸለያል። በነገራችን ላይ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቀይ ከሆነ ሽንቱ አንድ ሁለት ቀን ይቀላል። እኛ ደም መስሎን ቤቱን ለቅሶ ቤት አድርገነው ነበር። አስቀድማችሁ ነርሷን ጠይቁ። ወደፊት ልጅ ስለመውለድም ኬሞ ሳይጀመር ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ያውም ለብቻው፤ እናትና አባት ፊት ይሄ ከአፉ አይወጣም።

ከሁሉ የከበደኝ ጠያቂው ነው። ሦስቴ አገላብጦ ሳይስም የሚቀመጥ ሰው የለም። አንድ የአክስት ልጅ በር ላይ ሳኒታይዘር ይዞ ይቁም፣ «ሐኪሙ ከልክሏል» ይበል፣ አለቀ። «እምነትህ ቢጠነክር ኖሮ» የሚል ሰው ከመጣ ግን ቡናውን ሳይጨርስም ቢሆን ሸኙት። አንዷ ዘመዳችን ይህን ካለችው በኋላ ወንድሜ ሳምንት ሙሉ መስቀል አልሳለምም አለ። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደህና ነበሩ፣ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እሱ ሲቆጣ፣ «ለምን እኔን?» ሲል፣ መልስ አትፈልጉለት። አጠገቡ ቁጭ በሉ።

ጸሎቱንም አትጫኑበት። ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ የተከፈለ ስለሆነ እናቴ ተራ ስንጠብቅ የቀኑን ድርሻ በለሆሳስ ትደግማለች፣ እሱ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ ጎኗ ይቀመጣል። አንዳንዴ አንዱን ያወልቀዋል። አንዳንዴ አያወልቀውም።

ስለት የተሳለ ሰው ስለቱን ራሱ ይክፈል፣ ልጁን «ከዳንክ ትሄዳለህ» ብላችሁ አታስምሉት። ኬሞው በየሁለት ሳምንቱ 12 ጊዜ ነው የታዘዘለት፣ አሁን ስምንተኛው ላይ ነን። እናቴ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ተስላለች፤ የምታስገባውን ጥላ ከአሁኑ ገዝታው ቁም ሳጥን ላይ ተጋድሟል። እሱ አብሯት ይሂድ አይሂድ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም።