ኦገስት 29 ስሎቫኪያ ውስጥ ከሆናችሁ ግዢያችሁን በዋዜማው ጨርሱ

በፈረንጆቹ ኦገስት 29 ስሎቫኪያ የምትውሉ ከሆነ ዳቦውንም፣ ውሃውንም፣ የልጅ ዳይፐሩንም በ28 ግዙ። ቀኑ የስሎቫክ ብሔራዊ አመፅ የሚታሰብበት በዓል ስለሆነ ሱፐርማርኬትና የገበያ ማዕከል እንዳይሸጥ ሕጉ ራሱ ይከለክላል። ድንገት የጎደለ ነገር ካለ ነዳጅ ማደያና ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉ ሱቆች ይደርሱላችኋል፤ ዋጋቸው ግን ወደድ ይላል። ምግብ ቤትና ካፌ ብዙው ይሠራል። መድኃኒት ከፈለጋችሁ ተረኛ ፋርማሲ ጠይቁ።

ዋናው መጠንቀቅ ያለባችሁ መጓጓዣ ላይ ነው። ቀኑ ማክሰኞም ዋለ ሐሙስ፣ አውቶቡስና ባቡር የሚሄዱት እንደ እሁድ ስለሆነ ወደ ገጠር የሚወስደው መኪና ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ፌርማታው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ እዩ፦ የተጣመሩ ሁለት መዶሻዎች ያሉበት ጉዞ ለሥራ ቀን ብቻ ነው፣ መስቀል ያለበት ለእሁድና ለበዓል። በዓሉ ዓርብ ወይም ሰኞ ሲውል ደግሞ አገሬው ወደ ታትራ ተራሮች ስለሚወጣ መኝታ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ቀኑ ራሱ ከባድ ታሪክ አለው። በ1944 የስሎቫክ ወታደሮችና ፓርቲዛኖች (የደፈጣ ተዋጊዎች) በናዚ ጀርመንና የእሷ አጋር በነበረው በያኔው የስሎቫኪያ ፕሬዚዳንት በቲሶ መንግሥት ላይ የተነሱበት ነው፤ ማዕከላቸው ባንስካ ቢስትሪትሳ ነበረች። ሁለት ወር ያህል ተዋግተው ኦክቶበር 27 ከተማዋ ተያዘች፣ የተረፉት ግን ጫካ ገብተው ቀጠሉ። ዋጋውን የከፈለው ገበሬውም ጭምር ነው፤ ክሊያክና ኦስትሪ ግሩን የሚባሉ መንደሮች በጃንዋሪ 1945 ብዙ ነዋሪዎቻቸው ተገድለው ቤቶቹ ተቃጠሉ።

ስለዚህ ብራቲስላቫ ውስጥ በተዘጋ ሱቅ መሃል ከመዞር ወደ ባንስካ ቢስትሪትሳ ሂዱ፣ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በ1969 የተከፈተው የአመፁ ሙዚየም ለሁለት የተሰነጠቀ የኮንክሪት ሕንፃ ነው፣ ግቢው ውስጥ ታንክና መድፍ ቆሟል። የአበባ ጉንጉን የሚቀመጠውም እዚያው ነው፤ ባለሥልጣናት ስለሚመጡ በጠዋት ድረሱ። የሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች ስለሚገኙ ሥነ ሥርዓቱ ሲካሄድ ሰልፊ ለመነሳት አትጋፉ፣ ቆም ብላችሁ ተከታተሉ።

አድራሻ ስትፈልጉ የከተማውን ስም አብራችሁ ጻፉ፤ በዚህ አመፅ ስም የተሰየመ አደባባይ በብዙ ከተሞች አለ፣ ብራቲስላቫም ከአደባባዩ ሌላ የዳኑብ ድልድይ አላት። ሴፕቴምበር 1ን፣ የሕገ መንግሥት ቀንን፣ የቆዩ መመሪያዎች ሥራ ዝግ ነው ይሏችኋል። አሁን የሥራ ቀን ሆኗል።